ዘንዶውን ማን ይግደለው

ሰው ምናባዊ ልብ ወለድ እንደምጽፍ ሲሰማ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። ጭንቅላቴ ውስጥ ክንፍ ያላቸው ፈረሶችና የሚናገሩ ተራሮች የሚተራመሱ ይመስለዋል። ኧረ ምንም የለም! እውነቱን ልናገርና እኔ ምናብ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ያላየሁትን መጻፍ አልችልም። አንድ ጠንቋይ ከወንበሩ ተነሥቶ በር ከፈተ ብዬ ለመጻፍ፣ አንድ ሰው ካባ ለብሶ ከወንበር ሲነሣና በር ሲከፍት በዓይኔ ማየት አለብኝ። ካባውን በሩ ይይዘዋል? ጫፉን በየትኛው እጁ ይሰበስበዋል? ይህን ካላየሁ ቀኑን ሙሉ ወረቀቱ ላይ አፍጥጬ እውላለሁ እንጂ አንዲት መስመር አይወጣኝም።

ስለዚህ የምጽፈውን ሁሉ መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ አስተውነዋለሁ። ተዋናዮቹ ደግሞ ቤተሰቦቼ ናቸው፤ ወደው አይደለም።

የምተዳደረው በመጋረጃ ስፌት ነው። ከፊት ሱቄ፣ ከኋላ ሳሎናችን ነው፤ የሚለያቸውም መጋረጃ ነው፣ ያውም ጫፉ እስከ ዛሬ ያልተቀመቀመ። ለሰው ስቀመቅም እየዋልኩ ለራሴ መቼ ይደርሰኛል? ይሁን እንጂ ይህ ሥራ ለደራሲ ይመቻል። የተረፈ ከፋይ ለንጉሥ ካባ ይሆናል፣ ስስ ጨርቅ ለመንፈስ ይሆናል፣ የመጋረጃ ዘንግ ደግሞ ሰይፍም ጦርም በትረ መንግሥትም ነው።

ባሌ ማቀዝቀዣ ይጠግናል። በልብ ወለዴ ውስጥ ጀግናው ሰይፈኛ እሱ ነው። ጀግና ያደረግኩት ስለሚመስል አይደለም፣ ሌላ ወንድ ስላጣሁ ነው። ሰይፍ ሲይዝ መፍቻ የያዘ ነው የሚመስለው። «እጅህን ስጥ፣ አንተ የጨለማ ልጅ!» እንዲል የሰጠሁትን ቃል፣ ለደንበኛ «ሞተሩ ተቃጥሏል» በሚልበት ድምፅ ነው የሚለው። እንዲያውም አንድ ጊዜ ሳያስበው «መለዋወጫው ከተገኘ እንሞክራለን» ብሎ ጨርሶልኛል።

ታናሽ እህቴ ነርስ ናት። ንግሥቲቱ እሷ ናት፣ ግን ለትወና አትሆንም። ራስሽን ሳቺ ስላት «ሰው እንዲህ አይደለም ራሱን የሚስተው» ብላ ወለሉ ላይ ተኝታ ታስተምረናለች። ደም ፈሰሰ ስል ምን ያህል እንደፈሰሰ ትጠይቀኛለች። መልሴን ስትሰማ «በዚህማ ሞታለች፣ ቀጥሎ ያለውን ምዕራፍ ማን ሊናገር ነው?» ትለኛለች። አበሳዬን ነው የማየው።

ዘንዶው የመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለ ዘንዶው ከማውራቴ በፊት ግን ስለ አባዬ ልንገራችሁ።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ መናኸሪያ ድምፅ ነበር። በድምፅ ማጉያው የትኛው አውቶቡስ ከየት እንደሚነሣ የሚናገረው እሱ ነው። ድምፁ ሲወጣ የሚያለቅስ ሕፃን ዝም ይል ነበር ይሉታል፤ እኔ ግን እሱ እየጮኸ የሕፃኑ ለቅሶ ስላልተሰማ ነው የሚመስለኝ። ቤት ውስጥም ያው ነበር። «ጨው አቀብዪኝ» ሲል ጎረቤት ጨው ይዞ ሊመጣ ምንም አይቀረውም። እናቴ ነፍሷን ይማርና «ኧረ ቀስ በል፣ እኔ ተሳፋሪ አይደለሁም!» ትለው ነበር።

እሷ ስትሞት ድምፁን ይዛው ሄደች። ወደ እኛ ቤት አምጥተነው ከሱቁ ጎን ባለችው ክፍል አስቀመጥነው። «አዎ» ይላል፣ «አይ» ይላል፣ «ደህና ነኝ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለም። ሐኪም አየው፣ ጉሮሮው ጤነኛ ነው። እህቴ «አታስቸግሩት፣ ይረፍ» አለችን። እሺ ብለን በሹክሹክታ መኖር ጀመርን። ሻይ እናስገባለን፣ በሩን ቀስ አድርገን እንዘጋለን። የስፌት መኪናዬን እንኳ እሱ ጋደም ሲል አላስነሣም ነበር። ባሌ፣ ሳሉን የሚስለው ደጅ ወጥቶ ነው። እንዲህ እያልን ወራት አለፉ። እኔ በዓይኔ እያየሁት አባቴን ያጣሁት መሰለኝ፤ ሆድ ባሰኝ።

በዚያ ሰሞን የልብ ወለዴ ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ ነበርኩ። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ዘንዶ የአንዲት ከተማን ወንዝ ውጦ ዋሻው ውስጥ ተኝቷል፣ ሕዝቡ በውሃ ጥም አልቋል፣ ሰይፈኛው ሄዶ ይወጋዋል፣ ወንዙ ከሆዱ ይፈስሳል። በቃ! ዘንዶው እዚያው ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ሞቶ ወደ ዙፋኑ ጠብ እንድንሄድ ነበር ያሰብኩት። ነገር ግን አንድ ትልቅ ገላ በጠባብ ዋሻ ውስጥ እንዴት ዞሮ እንደሚናገር ማየት ነበረብኝ። ባሌ ሥራ ሄዷል። እህቴ ተረኛ ናት። ሳሎኑ ውስጥ ከአባዬ በቀር ማንም የለም፣ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል።

ፈራ ተባ አልኩና «አባዬ፣ አንድ ጊዜ ዘንዶ ትሆንልኛለህ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። አሁን «አይ» ይለኛል ብዬ ስጠብቅ «ምን አደርጋለሁ?» አለ።

«ተኝተህ ነበር። ሰው ቀሰቀሰህ። ዞር ትልና ‹ማነው የቀሰቀሰኝ› ትላለህ።»

ተነሣ። የኮቱን ቁልፎች ቆለፈ። ጉሮሮውን ጠረገ። ከሶፋውና ከጠረጴዛው መሀል ትከሻውን አስቀድሞ ቀስ ብሎ ዞረና «ማነው የቀሰቀሰኝ?» አለ።

የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ከመጋረጃው ወዲያ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ስትመርጥ የነበረች ደንበኛዬ «ኧረ እኔ አይደለሁም!» ብላ ጮኸች።

እኔ ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ፣ የትኛውን እንደማስቀድም አላወቅኩም። አባዬ ግን ወደ ደንበኛዋ ዞር አላለም። ግንባሩን ኮስተር አድርጎ «የተቆጣው ርቦት ነው ወይስ ከእንቅልፉ ስላስነሡት ነው?» አለኝ። ከእማዬ ቀብር ወዲህ ራሱ አስቦ የጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። «አላውቅም አባዬ፣ አንተ ምን ይመስልሃል?» አልኩት። ተቀመጠና አሰበበት። ከዚያ «ርቦት አይመስለኝም፣ ወንዝ ውጦ የሚርበው የለም» አለ። ልክ ነው እኮ!

በዚያ ቀን ዘንዶውን አልገደልኩትም። ማን አንጀት አለው?

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። ሥራ ጨርሼ ሱቁን ስዘጋ አባዬ ሳሎን ውስጥ ቆሞ ይጠብቀኛል። «ዛሬ ምን አለ?» ይለኛል። ደንበኛ ቀለሙን ጠልታ የመለሰችውን አረንጓዴ ከፋይ ክንፍ አድርጌ ሰፋሁለት፤ ክንዱ ላይ የሚታሰር፣ ሲዘረጋ ሶፋውን የሚሸፍን። የሰጠሁትን ቃል ሁሉ እንዳለ አይቀበልም። «ዘንዶ ይህን አይልም» ይላል። «ምን ይል ነበር?» እለዋለሁ። ይነግረኛል። የሚለው ደግሞ እኔ ከጻፍኩት ይበልጣል፤ እየተናደድኩ እጽፈዋለሁ። ቁርስ ላይ ከባሌ ጋር ይጨቃጨቃሉ።

«አባባ፣ ዘንዶ እኮ አውሬ ነው፣ ይህን ሁሉ አያስብም» ይለዋል ባሌ።

«አንተ ደግሞ ሰይፍህን ቀጥ አድርገህ ያዝ፤ ስለ እኔ አታስብ።»

ባሌ አማቱን መውጋት ይከብደው ነበር፤ ሰው አክባሪ ነው፣ ምን ይደረግ። በውጊያው መሀል «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አሁን ልወጋዎት ነው» ይላል። አባዬም በክንፉ መትቶ ወለል ላይ ይዘርረዋል። በዚህ ዓይነት ነው ጀግናው ከዘንዶው ጋር በገጠመ ቁጥር ተሸንፎ የሚመለሰው። እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው፣ ምን ላድርግ?

ረቂቁን ለአሳታሚው ላክሁ። አርታኢዋ ደወለች። አንደበቷ ፈጣን፣ ቀልዷም ቁጣዋም አንድ ዓይነት የሆነ ሴት ናት።

«ዘንዶሽን ወደድኩት» አለችኝ። ደስታ ሊገድለኝ። «መቼ ነው የሚሞተው?»

«ይሞታል» አልኩ።

«የት? ሦስት ጊዜ ተዋግተው ሦስቴም ተርፏል። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ጀግናው ሰይፉን ቤቱ ረስቶ ነው የሄደው ትያለሽ። ሰይፉን? ቤቱ?»

«ቸኩሎ ነበር።»

በስልኩ ውስጥ ትንፋሿን ሰማሁት። «ስሚኝ እህቴ። ሕዝቡ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ውሃ ጠምቶታል። እኔም ሳነብ ጉሮሮዬ ደርቋል። ዘንዶው ካልሞተ ወንዙ አይወጣም ያልሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ አይደለሁም። እስከ ወሩ መጨረሻ ወይ ዘንዶውን ግደይልኝ፣ ወይ መጽሐፉን መልሰሽ ውሰጂልኝ።»

ስልኩን ዘግቼ ጨርቆቼ መሀል ቁጭ አልኩ። ልክ ናት። መልክ እንዳሳጣሁት አውቃለሁ። ከወጣትነቴ ጀምሮ ስጽፍ ስቀድ፣ ስጽፍ ስቀድ ኖሬ፣ አሁን ገና አንድ አሳታሚ እሺ ብሎኛል። ይህን መጽሐፍ ታትሞ ሳላየው ብሞት ዓይኔ አይከደንም። ይሁንና አባዬ ከመጋረጃው ወዲያ ለራሱ ድምፁን ሲለማመድ ይሰማኛል። ዘንዶው ከሞተ ማታ ሱቁን ስዘጋ ማን ቆሞ ይጠብቀኛል? ወደዚያ ክፍል ገብቶ በሩን ቢዘጋውስ?

ለእህቴ ወጥ ቤት ውስጥ ነገርኳት። ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠችው።

«እንዳታደርጊው» አለችኝ። «ያ ሰውዬ የሚናገረው በዘንዶው አፍ ነው። ዘንዶውን ወስደሽ ምን ልትተዪለት ነው? ይቅርብሽ መጽሐፉ።»

«ይቅርብሽ ማለት ቀላል ነው! አንቺ የለፋሽበት መሰለሽ?»

«አባቴ ነው እኮ የምልሽ።»

«የኔስ ምኔ ነው?»

ድምፃችን ከፍ ሲል አባዬ ሳሎን ሆኖ «ምን ሆናችኋል?» አለ። ሁለታችንም በአንድ አፍ «ምንም!» አልን። አየሽ፣ ጮክ ብሎ መጠየቅ ችሏል ብላ በዓይኗ ነገረችኝ። እኔም ገብቶኛል። ሁለቱንም ነው የምፈልገው፣ መጽሐፌንም አባቴንም። ስስታም በሉኝ።

አርታኢዋን ለማታለል ሞከርኩ። ዘንዶው ጉንፋን ይዞት ወንዙን በሳል አወጣው ብዬ ጻፍኩ። «በሳል ነው የሚያልቀው?» አለችኝ። ዘንዶው ተጸጽቶ ውሃውን በየቀኑ በጥቂቱ ለከተማዋ ሊያከፋፍል ተስማማ ብዬ ጻፍኩ። «ይሄ የውሃ ሥራ መሥሪያ ቤት ነው» አለች። መጨረሻ ላይ ጨከንኩና ማንም ሳያውቅ፣ ማንንም ሳላስተውን፣ በሩን ዘግቼ «ሰይፈኛው ወጋው፣ ዘንዶውም ሞተ» ብዬ ጽፌ ላክሁላት።

ወዲያው ደወለች። «ትንኝ ነው እንዴ?» አለችኝ። «ይህን ያህል ገጽ አብሬው ኖሬ እንዲህ ነው የሚሞትብኝ? ይህን የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም።»

እውነቷን ነው፣ አላየሁትማ። ያላየሁትን መጻፍ አልችልም አላልኳችሁም? የአባዬን ሞት ሳላይ የዘንዶውን ሞት መጻፍ አልችልም። እንዴት ብዬ ነው ታዲያ ያን ሰው ና ሙትልኝ የምለው? አልቻልኩም። ይልቅ ብሶብኝ፣ መጽሐፉ ውስጥ የሌሉ ውጊያዎች እየፈጠርኩ አባዬን ማታ ማታ አዋጋው ጀመር። ባሌን ወገቡን ያዘው። አባዬ ራሱ «ይህን ባለፈው ሳምንት ተዋግተነው አልነበረም?» እስኪል ደረሰ። «ትንሽ ላሻሽለው ብዬ ነው» አልኩት። ጠረጠረኝ፣ ግን ክንፉን አሰረ።

የተያዝኩት በራሱ በድምፁ ነው። አንድ ከሰዓት መሰላል ላይ ቆሜ የደንበኛ መጋረጃ ስሰቅል የሱቁ ስልክ ጮኸ። አባዬ አነሣው።

«አቤት!» አለ።

በወዲያኛው በኩል ዝምታ ሆነ መሰለኝ፣ ደግሞ «አቤት፣ ማን ልበል?» አለ። ከዚያ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ቀጥሎ ኩራት ኩራት አለው፣ ቀጥሎ ተኮሳተረ። ከመሰላሉ ወርጄ ስልኩን ልቀበለው ስሮጥ እጁን ዘርግቶ ከለከለኝ። «እሺ... አዎ፣ እኔ ነኝ... እንዴት አወቅሽኝ?... ነው እንዴ?... አይ፣ አልነገረችኝም... አይ፣ ይህንንም አልነገረችኝም።» ዘጋው።

አርታኢዋ ድምፁን እንደሰማች «አንተ ዘንዶው ነህ!» ብላዋለች። ያነበበችው ድምፅ ነዋ! ከዚያም ምንም ክፋት ሳታስብ፣ የሚጎድለው ሞትህ ብቻ ነው ብላ ነገረችው።

«ሞቴን ደበቅሽኝ?» አለኝ አባዬ።

«አባዬ፣ እኔ እኮ...»

«ዋናውን ነገር ለማን ልትሰጪው ነበር? ለባልሽ?» ተቆጥቷል፣ ሱቁ በሙሉ ያስተጋባል። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ቆሞ በመስታወቱ አየን። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ስጮህ ስወድቅ ስነሣ ከርሜ፣ የምሞትበት ቀን ሲደርስ ዘንዶው ከእኔ ተደብቆ ይሞታል?»

«እንዳይከፋህ ብዬ ነው!» እኔም ጮህኩ። «ዘንዶው ሲሞት ዝም እንዳትልብኝ ፈርቼ ነው! ገባህ አሁን?»

ዝም አለ። ይኸው፣ ዝምታውን አመጣሁት አልኩ በልቤ። ከዚያ «እሑድ ከምሳ በኋላ ሁሉንም ጥሪያቸው» አለኝና ወደ ውስጥ ገባ።

እሑድ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋነው። ወንዙን እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት፤ ሰማያዊ ስስ ጨርቅ ነው፣ ጥቅሉን ሳልቆርጥ እንዳለ ከክንፉ ሥር ደበቅንለት። እህቴ አኩርፋ ጥግ ላይ ቆማለች። «ይህን አላየሁም በሉ» ትላለች፣ ግን ዓይኗን አትነቅልም። ባሌ ዘንጉን ይዞ ዋሻው ደጃፍ ቆመ። ላብ አጥምቆታል።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና...» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። ዘንጉ እጁ ላይ ቀረ። «አልችልም» አለ ወደ እኔ ዞሮ። «በሞቴ፣ ሌላ ሰው ፈልጊ።»

«ና ውጋኝ!» አለ አባዬ። «ከተማው ሙሉ ተጠምቶ እሱ ያፍርልኛል እንዴ! ና!»

ባሌ ዓይኑን ጨፍኖ ወጋው፤ በብብቱ ሥር።

ሁላችንም ጆሯችንን ልንይዝ ነበር፤ ትልቅ ጩኸት ነበር የጠበቅነው። አባዬ ግን አልጮኸም። አንድ እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ፣ ምንም እንዳይሰብር እንደሚጠነቀቅ ሰው ቀስ ብሎ በጎኑ ተቀመጠ። ሦስታችንንም ተራ በተራ አየን። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፣ እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«ውሃው የናንተ ነው» አለ። «ውሰዱት። ይዤው የቆየሁት ክፉ ሆኜ አይደለም። ከለቀቅኩት በኋላ ምን እንደምሆን ስላላወቅኩ ነው።»

ይህን ቃል እኔ አልሰጠሁትም። ከየት እንዳመጣው ሁላችንም ገብቶናል። ጋደም አለ፣ ከክንፉ ሥር ጨርቁን ለቀቀው። ጥቅሉ እየተተረተረ፣ ሰማያዊው እየተዘረጋ በእግራችን መሀል አልፎ እስከ ሱቁ በር ድረስ ተንከባለለ። ባሌ እያለቀሰ ነው፣ ዘንጉን እንደያዘ። አባዬ አይንቀሳቀስም። ቆየ። በጣም ቆየ። እህቴ አልቻለችም፣ ሮጣ ሄዳ የእጁን ትርታ ያዘች።

«ሞቻለሁ፣ ልቀቂኝ!» አላት።

ያን ምዕራፍ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩት። አንድ ቃል አልሰረዝኩም። ያየሁትን ነው የጻፍኩት፤ ከዚህ በፊትም ከዚህ በኋላም እንዲህ ጽፌ አላውቅም። አርታኢዋ በማግስቱ ጠዋት ደውላ፣ ያች ምላሷ የማይታጠፍ ሴትዮ፣ «እሺ» ብቻ ብላ አፍንጫዋን ጠረገች። «ይታተማል» አለችኝ ቀጥላ።

እልል ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ቁርስ ላይ የአባዬ ወንበር ባዶ ነበር።

የክፍሉ በር ተዘግቷል። እህቴ በሹክሹክታ «አላልኩሽም?» አለችኝ። ባሌ እንቁላሉን ሳይነካ ተቀምጧል። ማንኪያ እንኳ እንዳይጮህ ቀስ አድርገን ነው የምናስቀምጠው። ያ የድሮው ቤት ተመልሶ መጣ፣ በአንድ ሌሊት። መጽሐፌ ይታተማል፤ አባቴን ግን ሸጥኩት ብዬ አሰብኩ።

ሻይ ይዤ ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በመስኮቱ ውጭውን ያያል። ብርጭቆውን አጠገቡ አስቀመጥኩ፣ ልወጣ ዞርኩ፣ አልቻልኩም።

«አባዬ፣ ይቅርታ» አልኩት። «ከፈለግክ አስነሣዋለሁ። ሁለተኛ ክፍል እጽፋለሁ፣ አልሞተም ነበር እላለሁ። ወይ ወንድም እሰጠዋለሁ፣ አንተ ወንድሙን ትሆናለህ...»

«ተይው!» አለኝ ዞር ብሎ። «ሞተ። ጥሩ አሟሟትም ነው የሞተው። እንዳታበላሺብኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ለምን ቁርስ አልወጣህም?»

«ጠዋት ተነሥቼ ስሰማ ሁላችሁም ትንሾካሾካላችሁ። እንደገና ለብቻዬ ልትተዉኝ ነው አልኩ።»

«አንተን እንዳናስቸግር ብለን ነው እንጂ!»

«እሱን ነው የምለው!» አለ። ድምፁ ወጣ፣ የመስኮቱ መስታወት ሲነዝር ሰማሁ። «እናትሽ የሞተች ዕለት ሁላችሁም ዝም አላችሁኝ። ይረፍ፣ ይረፍ፣ አታናግሩት። ስሟን የሚጠራ ጠፋ። ሻይ ይዛችሁ ትገባላችሁ፣ በሩን ትዘጋላችሁ። ምን ልበል ታዲያ? ለማን? እኔን ዘንዶው መሰለሽ ያናገረኝ? ዘንዶ ምን ያደርግልኛል? ‹አባዬ፣ አንተ ምን ይመስልሃል› ብለሽ ጠየቅሽኝ። ጠይቀሽም እስክመልስ ቆመሽ ጠበቅሽኝ። ያን ሁሉ ጊዜ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።»

እኛ ለካ ለእሱ ስንል ነው አፉን የዘጋንበት! ያን ሁሉ ወር፣ በፍቅር፣ በጥንቃቄ። አፈርኩ፣ አዘንኩ፣ ደግሞም እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሄጄ አጠገቡ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ደንበኛ በሩን ስታንኳኳ ይሰማኛል፤ ታንኳኳ።

«አባዬ» አልኩት፣ «እማዬን መጀመሪያ ያየሃት ቀን ምን አለችህ?»

እስኪመልስ ጠበቅኩት።

«ምን ትለኛለች?» አለና ሳቀ። «ሰደበችኝ እንጂ! የምናገርበት ክፍል ድረስ ደረጃውን ወጥታ መጣች፤ ሻንጣዋን እየጎተተች፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ። ‹አንተ ነህ የምትጮኸው? ባንተ ጩኸት ተደናብሬ ሌላ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ፣ አሁን የኔው ሄዷል!› አለችኝ። እኔ ደግሞ ማይክሮፎኑን አልዘጋሁትም። መናኸሪያው በሙሉ ይሰማናል!»

እህቴ በሩ ላይ መጥታ ቆማለች። ባሌም ከኋላዋ፣ እንጀራውን ፍለጋ መሄድ ረስቶ። አባዬ ብርጭቆውን አነሣ፣ ቀመሰ፣ ቀዝቅዟል ብሎ ተቆጣኝና መልሶ አስቀመጠው።

«ከዚያስ?» አልኩት።